ቆሞ የቀረው ቀይ ድንጋይ

ይድረስ ለኪሮስ፣

ለማንም ያልነገርሁትን ላንተ ልንገርህ። ከሞትህ ጀምሮ አንድም ቀን ነፍስ ይማር ብዬልህ አላውቅም። በቀብርህ ቀን ሰዉ ሲል ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ እንጂ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። በአርባህም በሙት ዓመትህም እንደዚያው ነበርሁ። ቄሱ ፊቴን አይተው "በርቺ እናቴ" አሉኝ፤ ኀዘን ያፈነኝ መስሏቸው ነበር። ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሴቶችም ዝምታዬን ለፍቅር ቆጠሩልኝ። እስከ ዛሬ ባሏን የወደደች ሴት ሲባል በመንደሩ የሚጠራው የእኔ ስም ነው።

ከተለያየን ሰባት ክረምት አለፈ። በሕይወት ሳለህ አንቱ ስልህ ኖርሁ፤ ስዳር እንደዚያ ተብዬ ነው የመጣሁት። ዛሬ አንተ እልሃለሁ። ቢከፋህም መልስ የምትሰጥበት መንገድ የለህም።

የቤቱን ነገር ላስቀድም። ሰቆጣ ዙሪያ ያለውን ቤታችንን ዘግቼ ከተማ ገብቻለሁ። ልጃችን ደሳለ ባጃጅ ይነዳል፤ እኔና እሱ ከዘሃራ ሱቅ ጀርባ አንድ ክፍል ይዘን እንኖራለን። ዘሃራን አታውቃትም። ጨውና ሳሙና፣ ዘይትና ክብሪት የምትሸጥ፣ እንደኔው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እኔ ዝም ስል እሷ ለሁለታችን ታወራለች። ላሚቱን ሸጠናታል። የታችኛውን እርሻ ያጎትህ ልጅ በእኩል ያርሰዋል፤ እህሉን ሲያካፍል ፊቱ ይጠቁራል፣ በዚህስ አንተን መስሏል። የቤቱ ጣራ በአንድ በኩል ያፈሳል። ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። አንተ የካብኸው ነገር አይፈርስም፤ ይህን ሳልወድ ነው የምጽፈው።

ይህንንም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ደሳለ ትምህርት ቤት ሲገባ ከጎኑ ተቀምጬ ፊደል ስለይ "ደግሞ ቄስ ልትሆኚ ነው?" እያልህ በሰው ፊት ትስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን የጋዜጣ ወረቀት ድስት ጥጄ እያነበብሁ፣ የሚያነብልኝ ሰው ሳልፈልግ ማንበብ ለመድሁ። አሁን የመድኃኒት ወረቀትም፣ የሱቅ ማስታወቂያም፣ የዳዊት መጽሐፍም አነባለሁ። ሳታውቅ ነው የሞትኸው። ደብቄህ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከመንደራችን በላይ ያለው ኮረብታ፣ የድሮ ሰዎች መቃብር የምንለው፣ ሙዚየም ሆኗል። የጥንት ነገር የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ሁለት በጋ ቆፈሩ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ መቃብር አገኙ፤ ከነጋኑ፣ ከነጦሩ፣ ከነዶቃው። ሙታኑን ከቦታቸው አላነሷቸውም። ጣራ ሠሩላቸው፣ ዙሪያውን ግድግዳ አቆሙላቸው፣ ሰው የሚረግጠው የእንጨት መንገድ ከላያቸው ዘረጉ። ድሮ ከብት የምናግድበት ቦታ ዛሬ በር አለው፣ ዘበኛም አለው።

እኔ ያን ኮረብታ የማውቀው ግን በሌላ ነው። አንተም ታውቃለህ።

ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። በእኛ መንደር አባትየው ጎሕ ሳይቀድ ታቅፎት ይወጣና ጅብ እንዳያወጣው ከእነዚያ ከድሮዎቹ ድንጋዮች መካከል ይቀብረዋል። ለእናትየው ቦታው አይነገራትም። እየተመላለሰች ካለቀሰች ሌላ ልጅ አይቆምላትም ይባላል። ድንኳን አይጣልም። ለቀስተኛ አይመጣም። ጎረቤት በበር አልፎ ሲሄድ "ይተካ" ይላታል፣ በዚያው ያበቃል።

የበኩር ልጃችን ሴት ነበረች። ሰማንያዋ ሊሞላ ጥቂት ሲቀራት ትኩሳት ያዛት። ጡት እምቢ አለች። ያቺ አሮጊት ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ "ቄሱን ጥሩ፣ ለታመመ ልጅ ቀን አይጠበቅም" አለች። እውነቷን ነበር። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቃል፣ ይህን የማያውቅ የለም። አንተ ግን የአበርገሌ ዘመዶቼ መንገድ ጀምረዋል፣ ጠላው ተጠምቋል አልህ። የደብሩን አጥር የካብህ ሰው ነህና ልጅህ በሙሉ ወግ፣ በሙሉ እልልታ እንድትነሣ ፈለግህ። "የእኔ ልጅ እንደ ሌባ ተሸሽጋ አትጠመቅም" አልህ። እኔ አራስ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ነገር ግን ልጄን ለዚያች አሮጊት አቅፌ መስጠት እችል ነበር። እጅ ነበረኝ። አፍም ነበረኝ። "እርስዎ ያውቃሉ" አልሁ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አገኘዋለሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ በጋቢህ ጠቅልለህ ይዘሃት ወጣህ። የተመለስኸው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ፀጉርህ አቧራ፣ ጋቢህ ጭቃ ሆኖ ነበር። የት እንዳደረግኻት ብጠይቅህ "ዝም በይ" አልኸኝ። ተቀመጥህና ደግሞ "የሚበላ አለ?" አልህ። አቀረብሁልህ። ሙሉውን በላህ።

ሕፃን ለመቅበር ቀኑን ሙሉ አይፈጅም። ቶሎ ጉድጓድ ምሰህ፣ ጥለሃት፣ ከዚያ ከጓደኞችህ ጋር ስትጠጣ የዋልህ መሰለኝ። ማንንም አልጠየቅሁም። እንደዚያ ነው ብዬ ያዝሁት፣ እንደያዝሁትም ኖርሁ። ደሳለን ስወልድ፣ እህል ስፈጭ፣ እግርህን ሳጥብ፣ ያ የበላኸው እንጀራ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበርንም። በተጋባን ዓመት ቤታችንን ስትክብ ድንጋይ የማቀብልህ እኔ ነበርሁ። አንዱን ድንጋይ በመዳፍህ እያገላበጥህ "ድንጋይም ሆድና ጀርባ አለው፣ ሆዱን ወደ መሬት አድርገሽ አቀብይኝ" ትለኝ ነበር። ስሳሳት ትሰድበኝና መልሰህ ደግሞ ስታስቀኝ ትውል ነበር። ሁሉንም ድንጋይ አስተኝተህ ካበቃህ በኋላ ከታች ከወንዙ አንድ ቀይ ድንጋይ ተሸክመህ መጣህ፤ በበሩ ግራ፣ በደረቴ ትክክል፣ ከተኙት መካከል አቁመህ ሰካኸው። ለምን ብልህ "ሁሉም ከተኛ ቤቱን ማን ይጠብቃል?" አልኸኝ። ያን ማታ በዚህ ነገር ብዙ ሳቅን። በኋላ ሳይ በካብኸው ሁሉ ላይ አንድ ቀይ ድንጋይ ታቆማለህ፤ በእርከኑም፣ በደብሩ አጥርም። ሌሎቹ ግንበኞች "የኪሮስ ዘበኛ" እያሉ ይቀልዱብህ ነበር። አንድም ሰው ግን አልወረሰህም። ቀይ ድንጋይ ኮረብታው ላይ የለም፣ ከወንዝ ድረስ ማን ይሸከማል?

እንግዲህ ስማ። ባለፈው እሑድ ዘሃራ ነዘነዘችኝ። "ዕድሜ ልክሽን ከሥሩ ኖረሽ አላየሽውም? ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ ያየዋል" አለች። ኮረብታው ላይ ከዚያ ወዲህ ወጥቼ እንደማላውቅ አታውቅም። ስሰለች እሺ አልሁ። ደሳለ በባጃጅ ወሰደን። ዳገቱ ላይ ባጃጁ እምቢ ሲል ወርደን ገፋን፤ ዘሃራ እያለከለከች "ሙታኑ ሊያዩን አልፈለጉም መሰለኝ" አለች።

በሩ ላይ የተቀበለችን ብርቱካን የምትባል ልጅ ናት። የሚጎበኘውን ሰው እየመራች የምታስረዳ እሷ ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ሕመምተኛ ያለበት ቤት የገባች ይመስል። በእንጨቱ መንገድ ላይ እየሄድን ከታች ያሉትን አሳየችን። አንዱ ጉልበቱን አጥፎ እንደተኛ ነው። በሌላው ራስጌ ጋን አለ። ዘሃራ አንገቷን አስግጋ ዶቃውን ስታይ "ይሄ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ቢቀርብ ይሸጣል" አለች። ብርቱካን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው።

ከጫፉ ላይ ከሌሎቹ ለየት ብላ አንዲት ትንሽ መቃብር አለች። ከላይዋ መስታወት አድርገውባታል። ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ራሴ አነበብሁት። "የሕፃን መቃብር። ዘመኑ ገና በጥናት ላይ ነው" ይላል። ብርቱካንም ያንኑ ነገረችን፤ አሠራሯ ከሌሎቹ ስለሚለይ የኋላ ዘመን ሳትሆን አትቀርም፣ ግን እርግጠኛ አይደለንም አለች። ቀጥላ ወደ ራስጌው እያመለከተች "ድንጋዮቹ ሁሉ ተኝተው ተክበዋል፣ ይህ ቀይ ድንጋይ ብቻ ቆሟል። እዚህ አካባቢ የሌለ ድንጋይ ነው፣ ከወንዝ የመጣ ነው። ለምን እንደቆመ አናውቅም" አለች። ከኋላችን የነበረ አንድ ጎብኚ የፀሐይ ምልክት ይሆናል አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድንጋዮቹ ሆዳቸውን ወደ መሬት አድርገው ተኝተዋል። ጥግ ከጥግ ገጥመዋል፣ ጭቃ የለባቸውም፣ በመካከላቸው ቢላ አይገባም። ሕፃን የምትተኛበትን ያህል ብቻ የሆነች፣ ግድግዳዋ የቆመ፣ ወለሏ የተነጠፈ ቤት ናት። በውስጧ የወፍ የሚመስሉ አጥንቶች በጎናቸው ተጋድመዋል። በራስጌዋ ዘበኛህ ቆሟል።

እጄ መስታወቱ ላይ እንዳረፈ ያወቅሁት ብርቱካን "እማማ፣ መስታወቱን ባይነኩት" ስትለኝ ነው። ወንድ ነው ሴት ብዬ ጠየቅኋት። በዚህ ዕድሜ ከአጥንቱ መለየት አይቻልም አለችኝ። "ሴት ናት" አልሁ። ለራሴ ነው ያልሁት፣ ዘሃራ ግን ሰምታኛለች። ባጃጁ ውስጥ ስንቀመጥ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ እንጂ ምን ሆነሽ ነው አላለችኝም።

ደሳለን በአሮጌው ቤታችን በኩል አድርሰን አልሁት። እንደወረድሁ ከጓዳ ዶማ አወጣሁ፤ በበሩ ግራ ያለውን ቀይ ድንጋይ ልነቅለው ጀመርሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እዚያ ቆሞ እንዲያየኝ አልፈለግሁም። መታሁት፣ ፈነቀልሁት፣ አልወጣም። የጣቶቼ መገጣጠሚያ ተላጠ። ደሳለ ሮጦ መጥቶ "እማዬ፣ ቤቱን ልታፈርሽው ነው?" አለኝ። በሩ ላይ ተቀምጬ ነገርሁት። ዘሃራ ሻርፗን ቀድዳ እጄን እያሰረችልኝ ሰማች። ልጅህ ዶማውን አነሣና "እህት እያለችኝ ብቻዬን ነኝ ስል ኖርሁ" አለ። ይህን ለኔ አይደለም የተናገረው፣ ላንተ ነው። አድርሻለሁ።

አሁን የኔ ተራ ነው።

ልክ እንዳልነበርሁ አውቄአለሁ። ስትጠጣ አልዋልህም። ቀኑን ሙሉ ስትክብ ዋልህ። ወደ ወንዙ ወርደህ፣ ድንጋይ መርጠህ፣ ያን ዳገት ተሸክመህ ወጣህ። የራበህ ለዚያ ነው። ይህን ሳውቅ የምታረቅህ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ይብስ ተናደድሁብህ። ከወንዝ ድንጋይ ለማምጣት ጊዜ ነበረህ። ወደ ቄሱ ለመሄድ ግን ጊዜ አልነበረህም። ለሞተች ልጅህ ያን የሚያህል ቤት የሠራህ ሰው፣ በሕይወት ሳለች አንድ ደጃፍ አልፈህ አባ ይድረሱልኝ ማለት ከበደህ። ደግሞስ፣ ይህን ሁሉ ሠርተህ ለምን ደበቅኸኝ? ወጉ እናት አይነገራት ይል ይሆናል። ወጉ ጎኔ ተኝቶ አልነበረም፣ ጎኔ የተኛኸው አንተ ነህ። ሌሊት ስነቃ መልሼ እንደማልተኛ ታውቅ ነበር። "ቤት ሠርቼላታለሁ፣ ዘበኛም አቁሜላታለሁ" ብትለኝ ሁለታችንም ሌላ ዕድሜ እንኖር ነበር። ዝም ብለህ ክፉ ሰው መስለህ መኖርን መረጥህ፤ እኔም የክፉ ሰው ሚስት ሆኜ አረጀሁ።

የመጨረሻው ሰሞን ደግሞ አለ። የዚያ ጥፋት የኔ ነው። ሳሉ ሲያጣድፍህ እጄን ያዝህና "ስሚኝ፣ ኮረብታው ላይ..." ብለህ ጀመርህ። ስለ ልጃችን ልትነግረኝ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። "ዝም ይበሉ፣ ይደክምዎታል" አልሁህ። ሊጠይቁህ የመጡት ሰዎች እንዴት ታስብለታለች ብለው አዩኝ። እኔ ግን ያን የድሮውን "ዝም በይ" እየመለስሁልህ ነበር። በማግስቱም እጄን ፈለግህ፤ ውሃ ላመጣ ብዬ ተነሣሁ። ስመለስ ዓይንህ ወደ በሩ ነበር። ይህንን ይዤው ኖሬአለሁ፤ የያዝሁት ነገር ምን እንደሆነ ግን እሑድ ዕለት ነው ያየሁት። ይቅር በለኝ አልልህም። አንተም አላልኸኝም። እንዲህ ተካክለን እንቀመጥ።

አሁን የቀረው የልጅቱ ነገር ነው። አስቤ አስቤ ጨርሻለሁ። ካለችበት አላስነሣትም። ወዴት እወስዳታለሁ? የሠራህላት ቤት ከዚያ የተሻለ የለም፤ አሁን ደግሞ ጣራ ተጨምሮበታል። ግን መስታወት ውስጥ ተገልጣ አትቀርም። አንሶላ የሌላት ልጅ አልወለድሁም። አፈሯን መልሰው ያልብሷት፤ ግድግዳውና ቀዩ ድንጋይ ይታይ፣ እሷ ትሸፈን። ዘመኗም ጥናት አያስፈልገውም። የሚያጠኑት ሰዎች ወደ ቤታችን መጥተው የበሩን ድንጋይ ይዩ፣ ወደ ደብሩ አጥርም ይሂዱ። ያው እጅ ነው። እኔ እመሰክራለሁ፤ ያቺ አሮጊትም አለች፣ ዓይኗ ደከመ እንጂ ነገር አልጠፋባትም።

የከበደኝ አንድ ነገር ነው። ጎኗ ላይ ስሟ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ስም አለኝ። በዐሥረኛው ቀን አንተ ደጅ ሳለህ በጆሮዋ ጠርቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ነገር ግን የልጅ ስም ብቻውን አይቆምም፣ የአባቱን ይፈልጋል። የእኔ ስም አይገባም። እሷን ትርሓስ ብዬ ብቻ ብጽፍ የማን ትርሓስ ይሉኛል። ሦስት ቀን እንቢ ስል ቆየሁ። ዛሬ ጠዋት ብዕሩን አንሥቼ ትርሓስ ኪሮስ ብዬ ጻፍሁት። አየሁት። ይነበባል።

ከእኔ የምታገኘው ይህ ነው። እስከምሞት በየዓመቱ ዳገቱን እየወጣሁ ሁለታችሁን አንድ ላይ አነባለሁ፤ የሠራኸውንም የደበቅኸውንም አልረሳም፣ አንዱን ለአንዱ ብዬ አልተውም። ነፍስ ይማር ለማለት ግን ገና ነኝ። ስሙን ተጽፎ ባየሁ ቀን ለእሷ ጮክ ብዬ እላለሁ፤ ላንተ ይመጣ እንደሆነ እዚያው ቆሜ አያለሁ። እስከዚያ እንደኔ ጠብቅ።

ነገ ደሳለ ዳገቱን ያወጣኛል፤ ዘሃራም ሱቋን ዘግታ እመጣለሁ ብላለች። ይህን ወረቀት በእጇ የምትቀበለኝ፣ ከፈለገችም ጎብኚው እንዲያነበው ከመስታወቱ አጠገብ የምትሰቅለው፣ እጄን ከልጄ ላይ በጨዋ ቃል ያነሣችው ብርቱካን ናት።